ያልጻፍኩት ምርቃት

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ ጉዴ የሚጀምረው ከዚያው ስለሆነ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተዛውሬ ወረታ በመጣሁ በሦስተኛው ወር የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች ይህን ደረሱበትና ስብሰባ በተጠራ ቁጥር “አስናቀች ትያዝልን” ማለት ጀመሩ። ቃለ ጉባኤውን ማለታቸው ነው። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግማሽ ቀን ሲንጫጫ የዋለን አዳራሽ በአንድ ገጽ ተኩል አሳምሬ አስቀምጠዋለሁ። ማን ተቆጣ፣ ማን ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ማን አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ደጋገመ፣ የእኔ ወረቀት ላይ አይታወቅም። ሁሉም በተራ ቁጥር ይደረደርና “ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል” ተብሎ ይዘጋል። ሰው ሲያመሰግነኝ “ኧረ ምንም አይደል” እላለሁ እንጂ በልቤ እንደኔ ያለ ጸሐፊ በዞኑ የለም ባይ ነበርኩ።

የምኖረው በአባባ ቢምረውና በእማማ ውዴ ግቢ ነው፤ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ አንዲት ክፍል አከራይተውኛል። አባባ ቢምረው የሀገር ሽማግሌ ናቸው፤ በሰፈሩ ሠርግም ሆነ ስብሰባ ያለእርሳቸው ምርቃት አይጀመርም። እማማ ውዴ ደግሞ ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ከጥላ በቀር አያዩም። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ግቢያቸው ውስጥ ሲንጎዳጎዱ ቢያያቸው አይጠረጥርም። እኔን ገና በእርምጃዬ ለይተው “ዛሬ ተናደሻል፣ ማነው የነካሽ?” ይሉኛል። ደግሞም አይሳሳቱም፤ እኔ ቶሎ ነው የምናደደው።

እማማ ውዴ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመታት ያለፏቸው ታላቅ እህት አሏቸው። ቤታቸው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። በየጠዋቱ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ መንገዱን ተሻግረው፣ አብልተዋቸውና አጣጥበዋቸው ይመለሳሉ። እኔ አንድም ቀን ሲቀሩ አላየሁም።

ወረታን የምታውቁ መገንጠያውን ታውቁታላችሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚያልፈው መንገድ የደብረ ታቦሩ መንገድ እዚያ ይነጠላል። ሩዝ የጫነ ኢሱዙ፣ ሽንኩርት የጫነ ኢሱዙ፣ አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ከሜዳው የሚመለስ ከብት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ “እኔ ልቅደም” ይላል። በተለይ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን አንዳንዴ ከመገንጠያው ለመውጣት ከባሕር ዳር ለመምጣት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ይወስዳል እያልን እንቀልድ ነበር።

በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል እማማ ውዴ የሚሻገሩበት የራሳቸው ቦታ ነበራቸው። ከሩዝ መፈልፈያው ፊት ለፊት ነው። የመፈልፈያው ጩኸት ትክክል ፊታቸው ላይ ሲመጣ ይቆማሉ። እዚያ ጆንያ የሚጭኑት ወዛደሮች ያዩዋቸዋል። “እማማ ይቆዩ!” ይላሉ። አንዱ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ መኪናውን ያስቆማል። “አሁን ይምጡ!” ሲሏቸው ይሻገራሉ። መብራት ጠፍቶ መፈልፈያው ዝም ያለ ቀን ወዛደሮቹ ቦታውን እንዲያውቁት ያፏጩላቸዋል። ሾፌሮቹም ለምደዋቸዋል፤ ወደ ጎንደር የሚመላለሱት በስማቸው ይጠሯቸዋል።

እንግዲህ መገንጠያው እንደ አዲስ ሊሠራ ነው ተባለና ከአዲስ አበባ የጥናት ቡድን መጣ። ሕዝቡ ሐሳብ እንዲሰጥ ረቡዕ ጠዋት አዳራሽ ተጠራን። ሰብሳቢው የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ፣ ጸሐፊዋ እኔ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ባለሆቴሎች፣ ባለባጃጆች፣ ነጋዴዎች፣ ከሩዝ ሜዳው የመጡ ገበሬዎች ነበሩ።

“አባባ ቢምረው ይመርቁንና እንጀምር” አለ ሰብሳቢው።

ሁላችንም ተነሣን። አባባ ቢምረው ጋቢያቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ቆሜያለሁ፤ ግን በግራ እጄ መዝገቡን ደግፌ የተሰብሳቢውን ስም ዝርዝር መስመር አሰምርበታለሁ። ምርቃት ሲባል እጅ የሚያርፍበት ጊዜ አይደል? ሰው ጫማውን የሚያይበት፣ ስልኩን ድምፅ የሚያጠፋበት ጊዜ ነው። ምርቃቱ ከወትሮው ረዘም እንዳለብኝ ትዝ ይለኛል። “አሜን” ሲባል “አሜን” አልኩ። ደግሞ “አሜን” ሲባል ደግሞ “አሜን” አልኩ። ከዚያ ተቀምጬ በሚያምረው ጽሑፌ “ስብሰባው በሀገር ሽማግሌ ምርቃት ተከፍቷል” ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩ።

ኢንጂነሩ ገና ወጣት ነው፤ ሲናገር ሰው አያቋርጥም፣ ሽማግሌ ሲገባ ይነሣል። ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ አስረዳን። ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሙከራ ያህል መንገዱ መሃል ደረት የሚደርስ የሲሚንቶ ግንብ እንደ አጥር ይደረደራል፤ መኪናው ዝም ብሎ እየቆረጠ እንዳይታጠፍ ነው። እግረኛ የሚሻገርባቸው ክፍት ቦታዎች ይኖራሉ።

“የት የት ክፍት ይሁን የሚለውን እናንተ ንገሩን” አለ። “ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈውን ነው የምንሠራው።”

ከዚያ በኋላ ጩኸት ሆነ። የነጋዴዎቹ ተወካይ ትልቅ ሆቴል አለውና “ከሆቴሌ ፊት ለፊት ካልተከፈተ እንግዳ በየት ይገባል?” ብሎ ተነሣ። ሌላው ከመናኸሪያው በር ይሁን አለ። ባለባጃጆቹ እርስ በርስ ተጣሉ። እኔ ብዕሬ እሳት ሆኖ ሁሉንም እጽፋለሁ። አባባ ቢምረው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድም ጊዜ እጃቸውን አላወጡም። ፊታቸው ላይ እርጋታ ነበር፤ የድርሻውን ተናግሮ የጨረሰ ሰው እርጋታ እንደነበር የገባኝ ግን ኋላ ነው።

በቃለ ጉባኤው ሁለት ቦታ ተጻፈ፤ ሆቴሉና መናኸሪያው። ሰብሳቢው፣ የነጋዴዎቹ ተወካይና የገበሬዎቹ ተወካይ አቶ አዳነ ፈረሙ፤ እኔም በጸሐፊነት ፈረምኩ። አጥሩ አስቀድሞ መንገድ ዳር ተከምሮ ስለነበር ሐሙስ ዕለት ሲደረደር ዋለ።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከሥራ ስገባ አባባ ቢምረው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

“ልጄ፣ ከመፈልፈያው ፊት ለፊት ዘጉብን እኮ” አሉኝ። አልተቆጡም፤ ግራ ገብቷቸው ነው።

“ክፍት የሚሆነው በተስማማንበት ቦታ ነዋ አባባ።”

“እሱንማ ተስማምተን አልነበረም?”

“መቼ?”

“ስመርቅ ነዋ!”

እርሳቸውም የዘነጋሁ መስሏቸው እዚያው በሩ ላይ ቆመው ደገሙልኝ።

“‘መገንጠያውን የእንጀራ መንገድ ያድርገው እንጂ የደም መንገድ አያድርገው’ አልሁ፤ አሜን አላችሁ። ‘ከመፈልፈያው ፊት ለፊት ለሚሻገረው መንገዱን አይዝጋበት’ አልሁ፤ አሜን አላችሁ። ‘ዓይን ለሌለው፣ እግሩ የለመደውን አይንሳው’ አልሁ። አንችም አሜን ስትይ ሰምቸሻለሁ።”

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። “ታዲያ አባባ፣ ሐሳብ ስጡ ሲባል ለምን እጅዎን አላወጡም?”

“እንዴት አድርጌ?” አሉ፣ አሁን በእውነት ተገርመው። “ሽማግሌ ለምኖ ጉባኤው አሜን ካለ ሌላ ምን ቀረ? ያለቀን ነገር ደግሜ ባነሣ ሰዉን አላመንሁትም ማለት አይሆንም?”

እማማ ውዴ ከውስጥ ሲሰሙ ቆይተው ብቅ አሉ። “አንተም ልጅቱን አታስጨንቃት” አሉ። “ዛሬ ጎረቤት አሻገረችኝ። ነገ ግንቡን እየዳበስሁ እሄዳለሁ። የትም ቢሄድ ማለቁ አይቀርም።”

ግንቡ የሚያልቀው ከደብረ ታቦሩ መታጠፊያ ላይ ነው። ከባዱ መኪና ሁሉ ተንደርድሮ የሚጠመዘዝበት ቦታ ነው። ወዛደር የለበት፣ የሚያውቃቸው ሰው የለበት።

“እዚያማ አይሄዱም!” ብዬ ጮህኩ። “ነገ ጠዋት አስከፍተዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እስከ አራት ሰዓት ይከፈታል።”

“ጠዋት ለለቅሶ ይፋግ ከተማ ድረስ እሄዳለሁ እንጂ እኔ አሻግራት ነበር” አሉ አባባ ቢምረው።

“ግድ የለም፤ አራት ሰዓት ብያለሁ፣ አራት ሰዓት ነው!”

እማማ ውዴ ሳቁ። “በይ እንግዲያው ሬዲዮኑ አራት ሰዓት ሲል እወጣለሁ። እህቴ አንድ ቀን ቢረፍድባት አትሞትም።”

ዓርብ በማለዳ ወጣሁ። ኢንጂነሩን ሆቴል ቁርስ ሲበላ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ሹካውን አስቀምጦ ሰማኝ።

“አንዱን ግንብ ለማንሣት ለኔ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም” አለኝ። “ግን ዛሬ በቃል ብቀይር ነገ ሁሉም በቃል ይመጣብኛል። ቃለ ጉባኤውን አስተካክለሽ የፈረሙት ይፈርሙበት፤ ወዲያው አስነሣለሁ። ሠራተኞቹ ቆመው ይጠብቁሻል።”

ሰብሳቢያችንን ቢሮው ሲከፍት ያዝኩት። ሲሰማኝ ሳቁ መጣ።

“አስናቀች፣ ምርቃት ደግሞ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል እንዴ? ነገ ቅዳሴም ልትጽፊ ነው?”

“እርስዎ አሜን ብለዋል አይደል?”

“ብያለሁ።”

“ምን ሲባል ነው ያሉት?”

ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። “እኔ እንጃ” አለና ፈረመልኝ።

ባለሆቴሉ አስቸገረኝ። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሦስተኛ ቦታ ሲከፈት የእርሱ የሚዘጋ መስሎት ነው። ወረቀቱን እያገላበጠ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሻይ አዘዘልኝ። አልጠጣም አልኩት። ስልክ ደውሎ ሰው አማከረ። የእርሱ ቦታ እንደማይነካ ከሥሩ በእጄ ጽፌ ፈርሜ ስሰጠው ነው የፈረመው። ከዚያ ስወጣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

የቀረኝ አቶ አዳነ ብቻ ነው። ስደውልለት አይነሣም፤ ሩዝ አጨዳ ላይ ነው አሉኝ።

እዚህ ላይ ልቁም። ሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ወደ ሁለት አቅጣጫ ያየሁባትን ያቺን ደቂቃ ብዙ ሌሊት አስቤያታለሁ። በግራ በኩል ቤታችን ነው፤ ሮጬ ደርሼ “እማማ፣ ትንሽ ይቆዩ፣ አልደረሰልኝም” ለማለት አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። እርሳቸው ስልክ የላቸውም፤ አባባ ቢምረው ይፋግ ናቸው። በቀኝ በኩል ባጃጅ ቆሟል። አሥር ደቂቃ ካጠፋሁ አራት ሰዓት ያመልጠኛል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ ካልኩ ደግሞ “አልቻልኩም” ማለቱ ጨነቀኝ። አራት ሰዓት ብያለሁ፤ አራት ሰዓት አደርገዋለሁ። ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት አደረሰኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። መሬቱ ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ሲረግጡት ጭቃው ጫማ ይይዛል። ጫማዬን አውልቄ ይዤ ሮጥኩ። በየማሳው ማጭድ የያዘ ሰው ቀና እያለ ያየኛል። “አቶ አዳነ የት ነው?” ስል “ወዲያ ማዶ” ይሉኛል። ማዶ ስደርስ ደግሞ ሌላ ማዶ አለ። በመጨረሻ ከአጫጆቹ መሃል አየሁትና ከሩቅ ስሙን እየጠራሁ ደረስኩ።

ነገሩን ቆሞ አዳመጠኝ። ከዚያ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየኝ።

“አሜን ብያለሁ እኮ” አለ። “አባባ ቢምረው ሲለምኑ ሰምቻለሁ፤ ስለ ሚስታቸው መሆኑም ገብቶኛል። ሁለተኛ ለምን ትጠይቂኛለሽ?”

“ረቡዕ ስትፈርም አልተጻፈም ነበር፤ አላየኸውም?”

“የተማረች ጽፋዋለች ብዬ ነዋ የፈረምሁ!”

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ፈረመ። የአውራ ጣቱ ጭቃ ወረቀቱ ላይ ቀረ። ሰዓቴን ሳየው አራት ሰዓት አልፏል። አልፏል ግን ብዙ አላለፈም። “እማማ ቢወጡም ወዛደሮቹ ያስቆሟቸዋል፣ ተመለሱ ይሏቸዋል” እያልኩ ወደ ባጃጁ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ለኢንጂነሩ ደወልኩለት። “ፈርመዋል! ሁሉም ፈርመዋል!” አልኩት። “ጎሽ፣ ሠራተኞቹን ይዤ እየወጣሁ ነው” አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደስታ ሲሰማኝ እፈራለሁ።

ከመገንጠያው ሳንደርስ መኪናው ተገትሯል። ሰልፉ እስከ ከተማው መግቢያ ነው። “ዛሬ ደግሞ ባሰበት” አለ ባለባጃጁ። ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ማንም ጥሩምባ አይነፋም። ሾፌሮች ከመኪና ወርደው ቆመዋል። መፈልፈያው ጋ ስደርስ ዝም ብሏል። መብራት ጠፍቶ መሰለኝ። ወዛደሮቹ ግን በቦታቸው የሉም፤ ጆንያዎቹ እንደተጣሉ ተጥለዋል።

ሁሉም መታጠፊያው ጋ ነበሩ።

በነጭ ነጠላ ተሸፍነው አየኋቸው። የራሳቸው ነጠላ አልነበረም፤ መንገደኛ ሴት አውልቃ ያለበሰቻቸው ነው። ፔርሙዙ ከመንገዱ ዳር ወድቆ አጥሚቱ አስፋልቱ ላይ ፈሷል። የኢሱዙው ሾፌር መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ “ግንቡ ከልሎኝ፣ ግንቡ ከልሎኝ” ይላል። ማንም አልነካውም፤ ሁሉም እንደከለለው ያውቃል።

ከወዛደሮቹ ጎልማሳው፣ ሁልጊዜ እጁን ዘርግቶ የሚያስቆምላቸው፣ ወደኔ መጣ።

“መጥተው ቆሙ” አለኝ። “ግንቡን ዳሰሱት። ‘አስናቀች ይከፈታል ብላኝ ነበር’ አሉ። ‘አልተከፈተም እማማ፣ ይመለሱ’ አልናቸው። ትንሽ ቆሙ። ‘ቃሏን የምታጥፍ ልጅ አይደለችም፤ ወዲህ ፈቅ አርገው ከፍተውት ይሆናል’ ብለው ጎንበስ እንዳሉ እየዳበሱ ሄዱ። እኛ ጆንያ ተሸክመናል። ጥለን ሮጥን። አልደረስንም።”

ወረቀቱ በእጄ ነው። ሦስት ፊርማ አለበት። ኢንጂነሩ ከሠራተኞቹ ጋር መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ብረት ዘንግ ይዘዋል። አንድ ሰው እንኳ ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ ነበር። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመፈልፈያው ፊት ለፊት ያለው ግንብ ተነሣ። እውነትም ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

አባባ ቢምረው ለሌላ ሰው ለቅሶ ሄደው የራሳቸው ለቅሶ ውስጥ ገቡ። እኔ ከግቢው ልውጣ ብዬ ልብሴን ሸክፌ ነበር። በየትኛው ዓይኔ ላያቸው? በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ራሳቸው ክፍሌ በር ላይ መጡ።

“ያን ወረቀት አምጭው እስቲ።”

አመጣሁ። “አንብቢልኝ” አሉ። አነበብኩላቸው፤ የመጀመሪያውንም፣ የተስተካከለውንም። ከዚያ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ። “አባባ፣ እርስዎ ሲመርቁ እኔ መስመር አሰምር ነበር። አንድ ቃል አልሰማሁም። ገደልኳቸው” አልኳቸው።

ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

“አንች ብቻ አይደለሽም” አሉ። “ያ ሁሉ ሰው አሜን ብሏል። ከአዳነ በቀር የሰማ የለም፤ አዳነም ሰምቶ ዝም አለ።” ደግሞም እንዲህ አሉኝ፦ “እኔም አጥፍቻለሁ። ለሚስቱ ብሎ ተሟገተ እንዳይሉኝ አፍሬ በእግዜር ስም ሸሸግሁት። እንደ ባለሆቴሉ ተነሥቸ ‘ውዴ ታውራለች፣ መንገዷን አትዝጉ’ ብል ምን ነበረበት? አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ ለሷ መጮህ ነውር መሰለኝ።”

ከዚያ እርሳቸውም አለቀሱ። እስከዚያ ሰዓት ሲያለቅሱ አላየኋቸውም ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እንድትፈርዱልኝ ወይም እንድትፈርዱብኝ አይደለም። ሁለቱም በየተራ ተደርጎልኛል፤ አንዱም አላሳረፈኝም። ዘመድ “ቀናቸው ደርሶ ነው” ይለኛል። እግዜር ይስጠው፤ ግን ቀናቸውን የቀጠርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በሰዓት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አለመጻፌ አይደለም። ያመኑኝ መሆናቸው ነው። ግንቡን እየዳበሱ በእያንዳንዱ እርምጃ የኔን ቃል ይፈልጉ ነበር።

ዛሬም ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። አልይዝም ብዬ ነበር፤ አባባ ቢምረው ተቆጡኝ። አሁን ሽማግሌ ሲመርቅ ብዕሬን አንሥቼ እያንዳንዷን ቃል እጽፋለሁ። መሥሪያ ቤት “አስናቀች ጸሎት ጸሐፊ” ይሉኛል፤ ይበሉኝ። የኛ ሰው የሚያስጨንቀውን ነገር በቀጥታ አይናገርም። በምርቃት ያነሣዋል፣ በተረት ያነሣዋል፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ “እንዲያው ለነገሩ” ብሎ ያነሣዋል። ሐሳብ ስጥ ሲባል እጁን የሚያወጣው ሁልጊዜ የባሰበት ሰው አይደለም። እናንተም በየወንበራችሁ፣ በየቤታችሁ፣ አሜን ከማለታችሁ በፊት ምን እንደተባለ አድምጡ። ከዚህ የበለጠ የምመክረው የለኝም።

የእማማ ውዴን እህት አጥሚት አሁን የማደርሰው እኔ ነኝ። ከመፈልፈያው ፊት ለፊት ነጭ መሻገሪያ ተቀብቷል፤ በዋናው ንድፍም ላይ ገብቷል። አባባ ቢምረው ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ አስፋልቱ ዝር ብለው አያውቁም ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ጠዋት በትራቸውን ይዘው ወጡና “ዛሬ አብሬሽ ልሂድ” አሉኝ።

መሻገሪያው ጫፍ ላይ ቆምን። ጢም ብሎ የተጫነ ኢሱዙ እየከነፈ ይመጣ ነበር። ሾፌሩ እንዳየን ፍሬን ያዘ፤ ከነጩ መስመር ወዲያ ቆመ። ከኋላው ያሉትም ተከታትለው ቆሙ። ክንዳቸውን ይዤ መሃል ስንደርስ አባባ ቢምረው ቀጥ አሉ። ወደ መኪናው ዞረው ረጅም ጊዜ አዩት።

“ይኸው” አሉኝ፣ “ይቆማል እኮ።”

ከዚያ በኋላ መራመድ አልቻሉም። ሾፌሩ ጥሩምባ አልነፋም፤ እስኪበቃቸው ጠበቀን።